ዘምዘምን የገራት ሰው

ባለፈው ሳምንት ናዝሬት ጋሪ ተራ ጥግ ላይ የሚቃጠል ሰኮና ሸተተኝ። አንድ ሰው የጋለ የብረት ጫማ ፈረስ እግር ላይ እየለካ ነበር፤ ጢሱ የተቃጠለ ቀንድ ይሸታል፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ከእሱ ራቅ ብሎ አንድ ጎረምሳ ገና ያልጠነከረች ፈረስ ጋሪ ላይ ጠምዶ፣ አልሄድ ብትለው ጆሮዋ ሥር በአለንጋ ይላታል። በሰማንያ ዓመቴ አለንጋውን ከእጁ ነጠቅኩት። "እማማ፣ ፈረሷ የርስዎ ናት?" ብሎ ሳቀብኝ። በዚያች ደቂቃ የታየኝ እሱ ሳይሆን አባቴ ነበር።

ያደግኩት አሰብ ነው። አባቴ ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ ወደቡ አካባቢ በአንድ መሥሪያ ቤት ሹም ሆኖ ሲመጣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጣሊያን ሠርቶት የሄደ፣ ጣሪያው ላሜራ የሆነ የእንጨት ቤት ተሰጠን። በሐምሌ ቆርቆሮው ከመጋሉ የተነሳ የተሰጣው ዓሣ ሽታ ከነሙቀቱ ቤት ውስጥ ይቆም ነበር። ከአጥራችን ወዲያ የጋሪ ፈረሶች በረት አለ። ያኔ ውሃ ከከተማው ውጪ ካሉ ጉድጓዶች እየተቀዳ፣ በበርሜል ተጭኖ፣ በፈረስ ጋሪ በየቤቱ ይታደል ነበር። የጋሪዎቹ ባለቤት አንድ ሀብታም ነጋዴ ሲሆን፣ ፈረሶቹን በልጅነታቸው ከወሎ በጭነት መኪና ያስመጣቸዋል። ባሕር አይተው የማያውቁ፣ ጉዞው ያዞራቸው እንስሶች ከመኪናው ሲወርዱ ጉልበታቸው ይብረከረክ ነበር። የሚቀበላቸው ጋሽ ይመር ነው።

ጋሽ ይመር አጭር፣ እግሮቹ ወደ ውጪ የጎበጡ፣ የፊት ጥርሱን ፈረስ ረግጦ ያወለቀበት የወሎ ቦረና ሰው ነበር። ከታች ሽርጥ፣ ከላይ ቁልፎቹ የረገፉ የጣሊያን ወታደር ኮት ይለብሳል፤ የኮቱ ኪስ ሁልጊዜ በቴምር ይጣበቃል። ቁጡ ነው። ፈረስ በጭራው ጎትቶ የሚያወርድ ሾፌር ካየ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይሰድበዋል። ፈረስ ፊት ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።

አዲስ ፈረስ ሲመጣ አምስት ቀን አይነካውም። በርሜል ገልብጦ ጀርባውን ሰጥቶት ይቀመጥና ልጓም ይጠግናል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ "ፊት ለፊት ካፈጠጥኩበት የምበላው ይመስለዋል፤ ጀርባዬን ስሰጠው ግን ምን እንደሆንኩ ለማወቅ ራሱ ይመጣል" አለኝ። በስድስተኛው ቀን እውነትም መጥቶ ኮቱን ያሸታል። ከዚያ ጋሽ ይመር እጁን ፈረሱ ትከሻ ላይ ያሳርፋል፣ ፊቱን ግን አይነካም። ልጓሙን ቴምር ቀብቶ ያጎርሰዋል። ባዶ በርሜል ያስጎትተዋል። መሄድ ከማስተማሩ በፊት መቆም ያስተምረዋል። ማታ ማታ ጨዋማው አሸዋ ሰኮናቸውን እንዳይበላው በንጹሕ ውሃ ያጥባቸዋል፤ ባለቤቱ ውሃው አለቀ እያለ ቢነጫነጭም አይሰማውም።

ለእኔም ሥራ ሰጥቶኝ ነበር። ፈረሶቹ ድምፅ እንዲለምዱ ባዶ ጣሳ በዱላ እመታለሁ። መጀመሪያ መቶ እርምጃ ርቄ፣ ፈረሱ ጆሮውን ማቆም ሲተው ዘጠና፣ ከዚያ ሰማንያ። "አትቸኩይ አልማዝ፤ ዛሬ የሰረቅሻትን እርምጃ ነገ እሱ ያስከፍለኛል" ይለኛል።

የአስር ዓመት ልጅ ሳለሁ ዘምዘም መጣች። ጠጉሯ ቀላ ያለ ዳማ ናት፣ ግንባሯ ላይ ጣት የምታክል ነጭ አለባት። ስሙን ያወጣላት ጋሽ ይመር ነው። እንደ እሷ ያለች ቆንጆ አሰብ ውስጥ አልታየችም። ደንጋጣ ግን ነበረች፤ ሦስት ወር ለፍተን ገና ከጣሳው አርባ እርምጃ ላይ ነበርን።

በዚያው ሰሞን አንድ ትልቅ እንግዳ በመርከብ ይመጣል ተባለ። አባቴ የአቀባበሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ሰረገላ ከመጋዘን ወጥቶ ቀለም ተቀባ። አንድ ቀን ጠዋት አባቴ ነጭ ኮቱን ለብሶ፣ የበረቱን ባለቤት አስከትሎ ገባ።

"ይህችን ዳማ እፈልጋታለሁ" አለው ጋሽ ይመርን። "የእንግዳውን ሰረገላ እሷ ትጎትታለች።"

"አትችልም ጌታዬ።"

"ታማለች?"

"ጤነኛ ናት። ልጅ ናት እንጂ። የመርከብ ጡሩምባ ቀርባ አልሰማችም። ትልቋን ነጯን ይውሰዱ፤ እሷ መድፍ ቢተኮስ አትነቃነቅም።"

"የነጯ ጎን ተልጧል፣ ለእንግዳ አትታይም።"

"እንግዲያው ሦስት ወር ይስጡኝ።"

"መርከብ አንተን አይጠብቅም። ፈቃድህንም አልጠየቅኩህም።"

"ወላሂ ሰው ትጎዳለች" አለ ጋሽ ይመር። አባቴ ጀርባውን ሰጥቶት ከባለቤቱ ጋር ይነጋገር ጀመር፤ ባለቤቱ "እሺ ጌታዬ፣ እሺ" ይላል። እኔ ጣሳዬን ይዤ በረቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።

በቀኑ እኛ ተማሪዎች ባንዲራ ይዘን ወደቡ ላይ ተሰለፍን። ዘምዘም ጋማዋ በሪባን ተጎንጉኖ ሰረገላው ላይ ተጠምዳለች፤ ጋሽ ይመር ልጓሟን ይዞ የሆነ ነገር ያንሾካሹክላታል። አንድ የኮሚቴ ሰው መጥቶ በዚያ ኮት እንግዳ ፊት አትቆምም ብሎ ገፍቶ ወደ ኋላ ወሰደው። ወዲያው መርከቡ ጡሩምባውን ነፋ። ዘምዘም በኋላ እግሮቿ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ጎን ፈረጠጠች። የሰረገላው ጎማ የክሬኑ ሐዲድ ውስጥ ገብቶ ተገለበጠ። አንድ የወደብ ሠራተኛ ከሥሩ ቀረ፣ ጭኑ ተሰበረ። የዘምዘም የፊት እግር ከጉልበቷ በታች እንደ ደረቅ እንጨት ተቀንጥሶ ነጩ አጥንት ታየ። ጋሽ ይመር ሰዉን ጥሶ መጣና አንገቷ ላይ ተደፍቶ ዓይኗን በኮቱ ሸፈነላት። ሊገላግላት ሽጉጥ የያዘ ሰው መጥቶ ተነሥ ቢለው ከላይዋ ሳይነሣ ብዙ ቆየ።

በማግስቱ ምሳ ላይ አባቴ ለምርመራ የጻፈውን ወረቀት ለእናቴ አነበበላት። ፈረስ ገሪው ፈረሷ ለሥራ ደርሳለች ብሎ እንዳረጋገጠለት ይላል።

"አባባ፣ ጋሽ ይመር እኮ አትችልም ብሎዎት ነበር" አልኩት። "እኔ እዚያ ነበርኩ።"

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። "አንቺ የሰማሽው ነገር የለም። ውጪና ተጫወቺ።"

እናቴን አየኋት። እሷ ወደ ወጡ አቀረቀረች። ወጣሁ። መርማሪዎቹ የተቀመጡት ከቤታችን ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ ነበር፣ በሩም ክፍት ነበር። እስከ መንገዱ መሀል ሄጄ ተመለስኩ። ልጅ ነበርሽ ይሉኛል። ልጅ እንደነበርኩ አውቃለሁ፤ እግር ግን ነበረኝ።

ጋሽ ይመር ሁለት ወር ታሰረ። ሲፈታ እዚህ ከተማ እንዳናይህ ብለው ፈረሶቹ በመጡበት መኪና ላይ ጭነው ሰደዱት።

አባቴ ከዚያ በኋላም ደግ አባት ሆኖ ኖረ፤ የሚያበግነኝ ይኸው ነው። ስታመም አጠገቤ እያደረ ያስታምመኛል፣ የሰው ችግር ሰምቶ ዝም አይልም። አድጌ፣ አስተማሪ ሆኜ፣ አንድ ቀን ነገሩን አነሳሁበት። "የሞተችው ፈረስ ናት፣ ሰው አልሞተም" አለኝ። "አንቺ ደግሞ ስንቱን ትይዣለሽ።" ጭኑ የተሰበረውን ሰውዬ ረስቶታል። ይመርንም በስሙ አልጠራውም።

ለአባቴ ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር በራችን ላይ ቆሞ አልማዝ የምትባል ልጅ አለች ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ይመር ባቲ ነው፣ ገበያ ላይ በቅሎ ይገራል፣ አግብቷል አለኝ። ከዚያ መልእክቱን ነገረኝ፦ "አደራ፣ ለአባትሽ ሰላም በይልኝ። ቂም አልያዝኩም፣ አላህም እንዳይዝበት ለምኛለሁ በይልኝ ብሏል።"

በዚያን ቀን በጋሽ ይመርም ተናደድኩ። እኔ ይቅር ያላልኩትን እሱ ማን ሆኖ ነው ይቅር የሚለው? ሾፌሩን ለአባቴ እነግረዋለሁ አልኩት። አልነገርኩትም። አባቴ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ኖረ፤ በሠላሳው ዓመት ሁሉ ሰላምታው እኔ ዘንድ ነበር። አደራ መብላት እንደሆነ አውቃለሁ።

ሆስፒታል የተኛ ጊዜ፣ መጨረሻው ላይ፣ የከበቡትን ዘመዶች አንድ በአንድ እያየ "ያስቀየምኩት ሰው ካለ ይቅር ይበለኝ" አለ። ሁሉም ይቅር ብለናል እያሉ አለቀሱ። ዓይኑ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ የሆነ ነገር የሚጠብቅ መሰለኝ። ትራሱን አስተካከልኩለትና ሐኪም ልጥራ ብዬ ወጣሁ።