ስለ ማንኮራፋት የደረሰ አስተያየት

በጤና ቢሮው ያሉ ሁሉ «ሙጫው» ይሉታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራው ከበላይ የመጣውን ማስታወቂያ በሩ ላይ ባለው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ነው። «ለሕክምና ምርምር ድጋፍ የቀረቡ ጥያቄዎችን የሚገመግመው ኮሚቴ ስብሰባ ለሕዝብ ዝግ ነው» ይላል አንዱ። «በጤና መረጃ መሰብሰቢያው ቅጽ ላይ ሕዝቡ በስልሳ ቀን ውስጥ አስተያየት ይስጥ» ይላል ሌላው። ሕዝቡ ግን በሰሌዳው ጥላ ሥር ቆሞ አውቶብስ ይጠብቃል። በአስተያየት ሳጥኑ ውስጥ እስካሁን የተገኘው አንድ የጃንጥላ እጀታ ብቻ ነው።

አንድ ቀን የሚስቱ እናት ሊጠይቁት መጡ። አዲስ መነጽር ስለገዙ የተጻፈ ነገር ሁሉ ማንበብ ያምራቸዋል። ሰሌዳው ላይ የነበረውን ቅጽ ከላይ ጀምረው እያነበቡ አሥራ አራተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«አንተ ልጅ! ‹ባለፈው ሳምንት ስንት ጊዜ አንኮራፍተዋል?› ይላል እኮ።»

«ይሆናል እማማ። እኔ መለጠፍ እንጂ ማንበብ ሥራዬ አይደለም።»

«ተኝቼ እንዴት አድርጌ ልቁጠር?»

ሙጫው በጣቱ የአስተያየት ሳጥኑን አሳያቸው።

ሴትዮዋ ወረቀት አስመጥተው፣ እዚያው ግድግዳው ላይ አስደግፈው እንዲህ ጽፈው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱ፦ «እኔ አላንኮራፋም። ባለቤቴ ያንኮራፋል፤ ሲጠየቅ ግን ሽምጥጥ አድርጎ ይክዳል። ስለዚህ የሚጠየቀው የተኛው ሳይሆን እንቅልፍ ያጣው ይሁን። ‹ቅጹ በስድስት ደቂቃ ይሞላል› ያላችሁትም ውሸት ነው። አርባ ደቂቃ ፈጅቶብኛል፣ ያውም በአዲስ መነጽር።»

ቢሮው ታመሰ። የሳጥኑ ቁልፍ ጠፍቶ በመፍቻ ተከፈተ። የክፍል ኃላፊዋ «አስተያየት መጣ!» እያለች በኮሪደሩ ሮጠች። አስተያየት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ስላልነበረ ለዚሁ ሁለት ስብሰባ ተደረገ። በመጨረሻ ጉዳዩ ቅጹ የተዘጋጀለትን የእንቅልፍ ጥናት ለሚገመግመው ለዚያው የምርምር ድጋፍ ኮሚቴ ተመራ፤ ሴትዮዋም መጥተው እንዲያስረዱ ተጠሩ።

በቀጠሮው ቀን ዘበኛው ማስታወቂያውን በጣቱ እያሳየ፣ «ስብሰባው ለሕዝብ ዝግ ነው» አላቸው።

«እኔ ምን ሕዝብ ነኝ? የለጠፈው ልጅ አማት ነኝ» ብለው ገፋ አድርገውት ገቡ።

ውስጥ አምስት ፕሮፌሰሮች ነበሩ። ሴትዮዋ የባለቤታቸውን ማንኮራፋት በድምፅ ሲያሳዩ፣ አንደኛው ፕሮፌሰር ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «የእኔም ሚስት ልክ እንዲህ ነው የምታደርገው» አለ። ጥያቄው በሙሉ ድምፅ ተቀየረ፦ «አብሮዎት የሚተኛ ሰው ስለ ማንኮራፋትዎ ምን ይላል?»

ሙጫው ይህን ሲለጥፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ራቅ ብሎ ቆሞ አነበበው፤ ደረቱም ነፋ አለ። የሚስቱ አባት ግን ወሬው ሲደርሳቸው ተቀየሙ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቀን ቀን ሲያኮርፉ፣ ሌሊት ሌሊት ሲያንኮራፉ ከረሙ። በስምንተኛው ቀን የስድስት ገጽ መቃወሚያ ይዘው ቢሮው በር ላይ ቆሙ።

«ይህን የት ነው የምታስገባልኝ?» አሉት ኮስተር ብለው።

ሙጫው በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ አሁን እሱንም ማንበብ ስላማረው፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ።