የረቡዕ ቀሪዋ

በትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችውን ሴት ተማሪዎቹ «ቀይ ቀለም» ይሏታል፤ ቀሪ የምትመዘግበው በቀይ እስክሪብቶ ነዋ። ቅጽል ስሟን ታውቃለች፤ ያላወቀች ትመስላለች። ደንቡ ቀላል ነው፦ መምህራኑ በየወሩ የቀሪ ድምር ይሰጧታል፣ ሃያ የሞላበት ተማሪ ይሰረዛል። እሷ ግን ውሃ ቀጠነ ባይ ናትና ድምር ብቻ አይበቃትም። የትኛው ተማሪ በየትኛው ቀን እንደቀረ አንድ በአንድ ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም።

አንድ ቀን የሰባተኛ ክፍል መዝገብ ላይ ዓይኗ ተተከለ። አንዲት ልጅ ዐሥራ ስምንት ቀን ቀርታለች፤ ዐሥራ ስምንቱም ረቡዕ። ሁለት ረቡዕ ከተጨመረ ስሟ ሊሰረዝ ነው። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ሰነፍ ናት ብሎ ተገላገለ። ስንፍና ረቡዕ ረቡዕ ብቻ የሚነሳ በሽታ ነው እንዴ ስትል ጠየቀችው።

ልጅቷን ብትጠይቃት መሬት መሬት እያየች ወደ ክፍሏ ሄደች። በማግስቱ ረቡዕ ነበርና፣ ቀይ ቀለም በምሳ ሰዓት የልጅቷ ቤት ድረስ ሄደች። ልጅቷ ዓመት ከመንፈቅ የሞላው ወንድሟን አዝላ ደብተሯን ታገላብጣለች። እናትየው የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ በሌላው ቀን ሥራ የምትገባው ማታ ነው፣ ረቡዕ ግን ፈረቃዋ ቀን ነው። ሲመሽ ቀይ ቀለም አግኝታት ጉዳዩን ስትነግራት እናትየው ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ልጄ እንዳትማር የምፈልግ መሰልኩዎት፣ እትዬ?»

«ረቡዕ ረቡዕ ሕፃኑን ለእኔ ስጪኝ» አለቻት ቀይ ቀለም።

በቀጣዩ ረቡዕ ልጅቷ ክፍል ገባች፤ ሕፃኑ ደግሞ መዝገብ ቤት። ርዕሰ መምህሩ ፊቱን አጥቁሮ፣ ይሄ መዝገብ ቤት ነው ወይስ የሕፃናት ማቆያ ብሎ ጠየቀ።

«ስሟን የሚሰርዘው እኮ ይሄው እጄ ነው» አለችው። «በዚሁ እጅ ወንድሟን ብይዝላት ምን ይላሉ?»

በሦስተኛው ረቡዕ ርዕሰ መምህሩ ራሱ፣ ሕፃኑ ጭኑ ላይ ተኝቶ ደብዳቤ ሲፈርም እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

ዓመቱ አለቀ፤ ልጅቷ ከዚያ ወዲህ አንድም ረቡዕ አልቀረችም። ውጤት በተሰጠበት ቀን ያው ሰነፍ ያላት መምህር ስሟን «ከክፍሉ ሁለተኛ» ብሎ ግቢው እስኪሰማ ጠራው። እናትየው የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ከሆስፒታል እየሮጠች መጣችና የልጇን የውጤት ካርድ ለቀይ ቀለም ሰጠቻት።

«ያንብቡልኝ።»

«ወደ ስምንተኛ ክፍል ተዛውራለች።»

«ይድገሙልኝ፣ እትዬ።»

ደገመችላት። ሦስተኛ ጊዜ ስትጠየቅ ግን ደስታው ከአቅሟ በላይ ሆነና እንባዋ አላስነብብ አላት።