መነጽር ያመጣሁላቸው መምህር

ባለፈው ሳምንት አንድ ትሑት ወጣት ደውሎ ሸዋ ሮቢት ላይ ለሚካሄድ የሦስት ቀን ሥልጠና ጋበዘኝ። ርዕሱ የአንደኛ ክፍል መምህራንን በንባብና በጽሕፈት ትምህርት ስለ መደገፍ ነው። «እርስዎ በወጣትነትዎ በዚሁ ሥራ ላይ እንደነበሩ ሰምተናል፤ ልምድዎን ቢያካፍሉን» አለኝ። ልምድ የሚባለው ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው ጀርባ ላይ የተማርነው ስሕተት ነው። እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ አንድ ጎበዝ መምህር ደግፌ ልጥላቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ወሩ ኅዳር ነበር። ከማሠልጠኛ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም፤ አንድም ቀን የራሴን ክፍል ይዤ አላስተማርኩም፤ የተመደብኩት ግን ሌሎች እንዴት ማስተማር እንዳለባቸው እንድመክር ነው። እንዲህ ያለ ምደባ ያኔም ማንንም አያስደንቅም ነበር። ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ ቀወት ገጠር በእግሬ ገባሁ፤ ባጃጅ ገና አልመጣም። ግራና ቀኙ ዛላው የከበደ ማሽላ ነው። ወፍ ጠባቂዎቹ ማማ ላይ ቆመው ይጮሃሉ፣ በወንጭፍ ድንጋይ ይወረውራሉ። በዚያ ወር ደጋው በውርጭ ይንቀጠቀጣል፤ እዚያ ግን ገና በረፋዱ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል።

ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ተቀበለኝ። «ሰይድን እይልኝ። ክፍሉን ገበያ አድርጎታል። የማይሆን ከሆነ ከገና በኋላ ንብረት ክፍል አዛውረዋለሁ።»

ጋሼ ሰይድ ወደ ሃምሳ የተጠጉ፣ ረጅም፣ ድምፀ መልካም ሰው ነበሩ። ሌላው መምህር አንደኛ ክፍል ሲደርሰው እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል፤ እሳቸው ለምነው ነው የያዙት፣ ያውም አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ። ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። በዚያ ዓመት የመጣውን አዲስ መጽሐፍ ከፍተው ለልጆቹ ሰጡና «ምን ይላል?» አሉ።

አንድ ልጅ ተነሥቶ «ላሟ ወደ ወንዝ ሄደች» አለ።

«ሐሰት!» አለች ዘሀራ የምትባል ቀጭን ልጅ። «ወረደች ነው የሚለው።»

«ሄደችና ወረደች ምን ለያቸው?»

«የሄደችው ያንተ ላም ናት! የመጽሐፉ ላም ወርዳለች።»

ጋሼ ሰይድ ዛፍ ሥር እንደ ተቀመጠ ዳኛ እጃቸውን አነሡ። «ምስክር አላችሁ?» ሦስት ልጆች መጽሐፉ ላይ ተደፉ፤ ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያሻገሩ አነበቡና «ወረደች!» ብለው መሰከሩ። «ዘሀራ ረታች። አንተ ተቀመጥ» ብለው ፈረዱ። የተረታው ልጅ እንደ ትልቅ ሰው እጅ ነሥቶ ተቀመጠ።

መምህራንን ልገመግምበት የተሰጠኝ ቅጽ ላይ ግን የተጻፈው ሌላ ነው። መምህሩ መጀመሪያ ራሱ ያነባል፤ ቀጥሎ ከተማሪዎቹ ጋር ያነባል፤ በመጨረሻ ተማሪዎቹ ብቻቸውን ያነባሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሣጥኖች ፊት «አልተደረገም» ብዬ ጻፍኩ። «ክፍሉ ሁከት ይበዛበታል» የሚልም ጨመርኩ። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቱን ተቀብሎ «አላልኩህም?» አለና ጋሼ ሰይድ ፋይል ውስጥ ከተተው።

ጋሼ ሰይድ ይህን ሳያውቁ ለምሳ ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። የማሽላ እንጀራ በማሾ ወጥ በላን፤ በላዩ ፓፓያ ቆረጡልኝ። በሰው ላይ ጽፎ የዚያኑ ሰው ማዕድ መብላት እንዴት እንደሆነ ያን ቀን ዐወቅሁ። ጥፋቴን ላካክስ ብዬ እንዴት አንብበው እንደሚያሳዩ ላለማምዳቸው ፈለግሁ። «እስቲ ይህን የላሟን ገጽ ያንብቡልኝ» አልኳቸው።

መጽሐፉን ተቀብለው ክንዳቸው እስኪያልቅ አራቁት። ከዚያ ባማረ ድምፅ ስለ አንድ አውራ ዶሮ አነበቡልኝ፤ አንድ ጊዜም አልተደናቀፉም። ገጹ ላይ ዶሮ የለም። ዶሮው በቃላቸው የያዙት የድሮው መጽሐፍ ዶሮ ነው።

ዓይኔ ከገጹ ወደ እሳቸው ሲመላለስ አዩ። «ወላሂ፣ ፊደሉ ከቅርብ ከጠፋብኝ ሁለት ዓመት ሆነኝ» አሉ መጽሐፉን እየከደኑ። «ሰሌዳው ላይ በትልቁ እጽፋለሁ። መጽሐፉን የሚያነቡልኝ ግን ልጆቹ ናቸው። እንዳይዋሹኝ አከራክራቸዋለሁ። ለርዕሰ መምህሩ እንዳትነግርብኝ ልጄ፤ ከእነሱ ከተለየሁ ምን ሥራ አለኝ?»

ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ገበያ ገብቼ መንገድ ዳር ሸራ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ሦስት መነጽር መርጬ አመጣሁላቸው። ሁለተኛው ልክ ሆነ። «አልሐምዱሊላህ! ነጥቧ ሳትቀር!» ብለው ገጹን በመዳፋቸው ዳበሱት።

ከዚያ በኋላ ቅጹ እንደሚያዝዘው ሆነ። ጋሼ ሰይድ ያነባሉ፣ ልጆቹ ይከተላሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይቶ ራሱን በእርካታ ነቀነቀ። እኔም ኮራሁ፤ ኩራቴ የቆየው ሦስት ሳምንት ነው። አንድ ቀን ዘሀራን ወደ ክፍሉ ጥግ ለብቻዋ ጠርቼ ያልተነበበ ገጽ ከፈትኩላት። መጽሐፉን ትታ ሰሌዳው አጠገብ ወደ ቆሙት ጋሼ ሰይድ አፍ ተመለከተች።

«አንብቢ እንጂ።»

«ጋሼ ገና አላነበቡትም» አለችኝ።

አፍሬ ለጋሼ ሰይድ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ሳቁብኝ። «እኔ ዓይኔን ብከፍት እነሱ ጨፈኑ በለኛ!» በማግስቱ መነጽሩን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱና መጽሐፉን ለልጆቹ ሰጡ። «ምን ይላል?» ማንም አልመለሰም። በመጨረሻ አንዱ ፈራ ተባ እያለ አንድ ዐረፍተ ነገር ሞከረ። ወዲያው ከወዲያ ጥግ «ሐሰት!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ክፍሉም እንደገና ገበያ ሆነ።

ሥራዬን ጨርሼ ስሸኝ ጋሼ ሰይድ መንገድ ድረስ ተከተሉኝ። ፋይላቸው ውስጥ ስላለው ወረቀት ሰምተዋል። «አንተ ልጅ፣ ያንን ነገር አስተካክልልኝ» አሉ። «እሺ ጋሼ» አልኩ። ከገና በኋላ አልተዛወሩም። ብቃታቸው ታይቶ አይደለም፤ አንደኛ ክፍልን የሚቀበል ሌላ መምህር ስላልተገኘ ነው።

ይህን ሁሉ ለዚያ ወጣት በስልክ ነገርኩት። «ታዲያ ሪፖርቱን አስተካከሉት?» አለኝ።

«ለእንደዚያ ያለ ነገር ቅጹ ላይ ሣጥን አልነበረም» አልኩት።

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። በጽሑፎቼ ስለ ቅጽና ስለ ቢሮ ሳሾፍ ይኸው ስንት ዓመቴ፤ አንባቢም ይወድልኛል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጋሼ ሰይድ ፋይል ውስጥ እንደ ነበረ የቀረው ወረቀት ትዝ አለኝ። የወረቀቱ ጀርባ እኮ ባዶ ነበር፤ እዚያ ልጽፍ እችል ነበር።