ላልነበረ ሾፌር የተደወለ ስልክ

ይህ የስልክ ነገር የባለቤቴን ታናሽ ወንድም አስከፍሎኛል። በብር ከሆነ አንድ ሳንቲም አላወጣሁበትም፤ ጥፋቴም ያው አለማውጣቴ ነው።

ያኔ በደርግ ጊዜ፣ ነቀምት ባኬ ጃማ ካለው ቤቴ ሲሬ ለመደወል ኦፕሬተር መጠየቅ ነበረብኝ። ሰው አስጠርተህ ተፈላጊው "የለም" ከተባለ ሂሳብ የለም፤ ካወራህ ግን ትንሹ የሦስት ደቂቃ ይከፈላል። እንደኔ ባንኮኒ ላይ ያደገ ሰው ይህን አውቆ ዝም አይልም።

የባለቤቴ ወንድም እኛ ዘንድ እየኖረ ሱቅ ያግዘኛል። ዕድሜው ለብሔራዊ ውትድርና ደርሷል። የእኛ ቀበሌ ኮታውን ስለሞላ ለጊዜው የሚነካው የለም፤ ግን እናቱ ሲሬ ታማ ተኝታለች፤ እዚያ ደግሞ አፈሳ አለ። ስለዚህ ሲሬ ሻይ ቤት ካለው ወዳጄ ጋር መከርን። እኔ ኦፕሬተሯን "ሾፌሩን አቅርቢልኝ" እላለሁ። ሾፌር የሚባል ሰው የለም። አፋሾቹ ከተማ ውስጥ ካሉ ወዳጄ "አሁን የለም፣ ይመጣል" ይላታል፤ ከሌሉ "የለም፣ አይመጣም"። እኔ መስመሩ ላይ ሆኜ እሰማና አመስግኜ እዘጋለሁ። ልጁ እናቱን የሚያየው ሾፌሩ "አይመጣም" በተባለ ቀን ብቻ ነው።

ዘዴው ክረምቱን ሙሉ ሠራ። ኦፕሬተሯ እንኳ፣ "ይሄ ሾፌርዎ መቼም ቤቱ አይገኝም?" ብላኛለች።

"ምን ላድርግ እህቴ፣ መኪናው አሮጌ ነው፤ መንገድ ላይ ነው የሚውለው።"

ልጁም፣ "ጋሼ፣ ይሄ ሾፌር ደመወዙን መቼ ነው የሚወስደው?" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ወዳጄ ከሁሉም ጋር የሚያወራው በኦሮምኛ ነው። "ሂን ዱፋ" ካለ ይመጣል ማለት ነው፤ "ሂን ዱፉ" ካለ አይመጣም። ልዩነቱ የመጨረሻዋ ድምፅ ላይ ነው። የእኔ ኦሮምኛ ደግሞ የገበያ ነው፤ ለማስወደድና ለማርከስ ይበቃል፣ የቃሉን ጭራ ግን አይይዝም።

አንድ ጠዋት፣ እናቱን ሕመሙ ጠንቶባታል የሚል ወሬ መጥቶ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየቀጠቀጠ ደወልኩ። የወዳጄ ድምፅ ከሩቅ መጣ፦ "አማ ሂን ጂሩ፤ ሂን ዱፍ..." የለም ማለቱ ገባኝ፤ ቀሪውን ዝናቡ በላው።

"ምን አለ?" አለች ባለቤቴ። እሷ የሲሬ ልጅ ናት።

"ዱፉ።"

"ዱፉ ነው ዱፋ?"

"ዱፉ አልኩሽ እኮ!"

"እጀታውን ስጠኝ። ሦስቱን ደቂቃ ከፍለን እናናግረው። የአንተ ኦሮምኛ ከሚዛኑ አልፎ አያውቅም።"

"ዛሬ ካናገርነው ነገ ኦፕሬተሯ የሾፌሩን ነገር ታምነናለች? ሰምቻለሁ።"

ምክንያቴ ጥሩ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ በነፃ ባወራሁበት መስመር መክፈል ሽንፈት መሰለኝ።

ልጁ ቦርሳውን አንስቷል። "ጋሼ ከሰማ ሰምቷል። ለአዮ ምን ልበልልህ?" አለኝ። አዮ የሚሉት እናታቸውን ነው። አንድ ኪሎ ስኳር አስያዝኩት፤ አውቶቡሱ ላይ ደረሰ።

ከቀትር በኋላ ወዳጄ በጭነት መኪና መጥቶ ሱቄ ገባ። በስብሷል። "አካም ጅርታ" ብሎ ሰላም እንኳ አላለኝም።

"ኦቦ፣ ሂን ዱፋ አላልኩም? ሂን ዱፋ!"

"ዱፉ ነው የሰማሁት።"

"ከአውቶቡስ ሲወርድ ያዙት። እናቱ ቤት እንኳ አልደረሰም።"

ባለቤቴ የጓሮው በር ላይ ቆማ ሰምታለች።

"ሦስት ደቂቃው ስንት ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

ነገርኳት።

ሲሬ ወርጄ ያላስቸገርኩት ሽማግሌ፣ ያልቆምኩበት ደጅ የለም። ስሙ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል አሉኝ፤ በሦስተኛው ቀን ተጭኖ ሄደ።

እናቱ ሳታየው መስከረም ላይ አረፈች። ከእሱ አንድ ደብዳቤ ከሰሜን ደረሰን፤ የእሷን ጤና ይጠይቃል። መልስ ጻፍን፤ ፖስታው ሳይከፈት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የሰማነው ነገር የለም።