በአዋ ጥግ የቆመው ስፒከር

ሰው ቤት ገብቼ ሶፋው ዙሪያ ስፒከር ተተክሎ ካየሁ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ባለቤቶቹ ምን አደረጉኝ? ምንም። ሻይ አቅርበው «ተጫወቺ እንጂ» ይሉኛል፤ የእኔ ዓይን ግን ከኋላ ጥግ ወደቆመው ስፒከር ይሄዳል። በልቤ «እዚህ ቦታ ማን ነበር የሚቀመጠው?» እላለሁ። እኛ ቤት የሚቀመጥበት ሰው ነበር፤ አባቴ።

እኛ «አዋ» ነበር የምንለው፤ በወላይትኛ አባት ማለት ነው። ግራ ጆሮው በልጅነቱ ታሞ ከጠፋ በኋላ በቀኙ ብቻ ነው የሚሰማው። ሶዶ፣ ከኦቶና ሆስፒታል ወረድ ብሎ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ወንበሩ ሁልጊዜ ጥጉ ላይ ነበር፤ ግራ ጎኑ ወደ ግድግዳው፣ ቀኝ ጎኑ ወደ ሰው። እንግዳ የትም ቢቀመጥ በደህናው ጆሮ በኩል ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ልጆች ሳለን ይሄን ጠንቅቀን እናውቅ ነበር። ፈቃድ ስንጠይቅ በቀኙ እንቆማለን፣ ደጅ ወጥቶ ልናማው ስንፈልግ በግራው። ይሄን ያዙልኝ፤ ወንድሜ ያውቅ ነበር።

ጆሮው አንድ ይሁን እንጂ የሰፈሩ ሰው ጠቡን ተሸክሞ የሚመጣው እሱ ጋ ነበር። ባልና ሚስት ይመጣሉ፣ በአጥር የተጣሉ ጎረቤታሞች ይመጣሉ። አዋ ሲሸመግል የራሱ ደንብ ነበረው። አንዱ ሲናገር ሌላው አፉን አይከፍትም። ተናጋሪው ሲጨርስ አዋ የሰማውን በራሱ አፍ ይደግምና «እንዲህ ነው ያልከኝ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው «አዎ፣ እንደዛ ነው» እስኪል ድረስ ሌላውን አያናግርም። ስንቱ የራሱን ክስ ከአዋ አፍ ሲሰማው አፍሮ አቀርቅሯል!

ሚሊኒየሙ በገባ ሰሞን ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ ተመለሰ። ጊፋታ ነበር፣ የእኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ፤ ቤቱ በዘመድ ጢም ብሎ ሥጋው በዳጣ ይበላል። እሱ ግን መሬት ላይ ተንበርክኮ ካርቶን ይቀድዳል። ሆም ቴአትር ነው አለን።

እኔ ምን አውቄ! ስፒከሮቹን ቡፌው ላይ ደርድሬ ዳንቴል አለበስኳቸው። ያኔ ሶዶ ውስጥ ውድ ዕቃ ቡፌ ላይ ይወጣል፣ ዳንቴል ይለብሳል፣ እንግዳ ያየዋል፣ አለቀ። ወንድሜ ዳንቴሉን ገፎ ወረወረው።

«እንዴ! ልታፍኚው ነው? ድምፁ ከፊትም ከኋላም መምጣት አለበት!»

ብሎም የመመሪያውን ወረቀት ዘረጋልኝ። ወረቀቱ ላይ መሃል ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ተስሏል፤ ዙሪያውን ስፒከር ከቦታል። ሰውየው ሁለት ጆሮ አለው።

በወረቀቱ መሠረት ከኋላ በግራ የሚቆመው ስፒከር ቦታው የአዋ ጥግ ሆነ። ወንድሜ ወንበሩን ብድግ አድርጎ ጓዳ ከተተውና አዋን በክንዱ ይዞ ሶፋው መሃል ላይ አስቀመጠው።

«አዋ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ንጉሥ መሃል ነህ። ድምፁ ሁሉ አንተ ጋ ነው የሚመጣው።»

«ጆሮውስ?» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! አዲስ ነገር ሲመጣ ማላዘን ትወጃለሽ።»

ዘመዶቻችን ሳቁ። አዋ «ይሁን ልጄ፣ ጥሩ ነው» አለ። እሱም አናደደኝ! ልጁ ስንት ዓመት ሰው አገር ተንከራትቶ የመጣ ነው፤ በዘመድ ፊት ሊያሳፍረው አልፈለገም። ይገባኛል። ቢገባኝም አንጀቴ አረረ።

ወንድሜ ዕረፍቱን ጨርሶ ይመለሳል ብዬ ነበር። የት! እዚያው ሶዶ ሱቅ ከፍቶ እኛው ቤት ቀረ። ሳሎኑም ሳሎን መሆኑ ቀረ። ጓደኞቹን እየሰበሰበ አንዴ ኳስ፣ አንዴ ተኩስ፣ አንዴ ሄሊኮፕተር። ትልቁ የስፒከር ሳጥን ባጓራ ቁጥር የቡፌው ብርጭቆ ይንጫጫል። ሰው ጉዳዩን ይዞ ይመጣና አንዱ በአዋ ግራ፣ አንዱ በቀኙ ይቀመጣል። ገና መናገር ሲጀምሩ ከኋላ ጥይት ይጮሃል። አዋ አንገቱን ወዲህ ወዲያ እያዞረ «ምን አልከኝ?» ይላል። በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው እኮ ድምፅ ከየት እንደመጣ አይለይም፤ ተኩሱም ለቅሶውም ባንድ በር ነው የሚገባበት። «ኧረ ቀንስ!» ስለው ወንድሜ ይቀንሳል፤ ዞር ስል መልሶ ይጨምራል። ሰዉም ይሉኝታ ይዞት «ሌላ ቀን እንመጣለን» እያለ ይወጣል። አዋ ቀስ በቀስ ጓዳ፣ ወንበሩ ላይ መዋል ጀመረ።

ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ነበር። ሰፈሩ ሲራገም እኔ ብቻ ተመስገን እል ነበር። መብራት ሲጠፋ አዋ ከጓዳ ይወጣላ!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ሳለ ከጉኑኖ አባትና ልጅ መጡ። ልጁ አባቱን ሳያማክር የጓሮውን እንሰት ነቅሎ ባሕር ዛፍ ተክሎበታል። በዚሁ ከተኮራረፉ ቆይተዋል፤ አንድ ግቢ እየኖሩ ሰላምታ የላቸውም። አባትየው እያለቀሰ ተናገረ። አዋ ደገመለት። «አዎ ጋሼ፣ እንደዛ ነው» አለ አባትየው በጋቢው ጫፍ ዓይኑን እየጠረገ። የልጁ ተራ ሆነ። መሬት መሬት ሲያይ ቆይቶ፣ በስንት ጭንቅ «ጋሼ፣ እኔ እኮ…» ሲል መብራት መጣ።

ወንድሜ ሆም ቴአትሩን ሳያጠፋው ነበር የወጣው። ድምፁንም እንዲያ አስጩሆ። ሳሎኑ ባንድ ጊዜ አገሳ! ልጁ ዘሎ ተነሳ፣ አባትየው ጋቢውን ሰብስቦ ቆመ። ሪሞቱን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት፤ በመጨረሻ ገመዱን ከግድግዳው መንጭቄ ነቀልኩት። ዝም ሲል ልጁ በሩ ጋ ደርሷል። «ይቅር ጋሼ፣ ለዛሬ ይቅር» አለ። ብለምነው አልመለስ አለኝ። አባትየውም ብቻውን ወጣ። አዋ ደህናውን ጆሮውን በመዳፉ እንደያዘ ተነሳ።

«ከእንግዲህ ሰው ሲመጣ ወደ ሌላ ሽማግሌ ሂዱ በያቸው» ብሎኝ ጓዳ ገባ።

እሳት ጎረስኩ። ስፒከሩን ከነማቆሚያው ከጥጉ ነቅዬ በረንዳ ላይ ጣልኩት። ሲመሻሽ ወንድሜ መጣ።

«አብደሻል እንዴ?»

«አዎ አብጃለሁ! አባትህን ከሰው ለይተህ ጓዳ ከተትከው፣ እኔ እንዴት አላብድ!»

«እኔ? ላስደስተው ብዬ እንጂ! ደግሞ አልተመቸኝም ብሎኝ ያውቃል? አንድ ቃል ቢነግረኝ ኖሮ…»

«ዓይንህን በጨው አጥበህ አትዋሽ! ጆሮውን አታውቅም? በግራው ቆመህ ስታማው ያደግክ!»

ጎረቤት ይስማ አይስማ ግድ አልነበረኝም። እሱም ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ። በዚህ መሃል ከጓዳ በኩል የሚፋቅ ነገር ሰማንና ሁለታችንም ወደዚያ ዞርን። አዋ ወንበሩን ሲሚንቶው ላይ እየጎተተ መጣ። «ልርዳህ» ስለው በእጁ ከለከለኝ። ጥጉ ላይ አደረሰው፣ ግራውን ወደ ግድግዳው አድርጎ ተቀመጠ።

«ተቀመጡ» አለን። «ከሳሽ ማን ነው?»

«እኔ!» አልኩ።

ወንድሜ አፉን ሊከፍት ሲል አዋ እጁን አነሳበት። ሁሉንም ዘረገፍኩት። የጊፋታውን፣ የሪሞቱን፣ የዛን ምስኪን ልጅ ነገር፤ የተወረወረው ዳንቴሌ እንኳን አልቀረኝም። አዋ ሳያቋርጠኝ ሰማ። ስጨርስ እንደ ደንቡ ደገመልኝ።

«ልጄ ጆሮዬን እያወቀ ከጥጌ አስነሳኝ። እኔም እንዳይከፋው ብዬ ዝም አልኩ። በገዛ ቤቴ ሰው አላናግር ብሎኝ ጓዳ ገባሁ። እንዲህ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ» ካላልኩ ወንድሜን አያናግረውም። ዞሬ አየሁት፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አላዘንኩለትም።

«አዎ አዋ፣ እንደዛ ነው።»

አዋ ወደ እሱ ዘንበል አለ። «እሺ፣ አንተስ?»

ወንድሜ ተነስቶ በአዋ ቀኝ በኩል ቆመ። አዋ ጆሮውን ሰጥቶ ጠበቀው።