የገብስ ዛላ ጥልፍ

በጃንሆይ ጊዜ አሰላ እንደገባን ባሌ ለሥራ ዴራ ይከርም ነበር፤ በሬን የምታንኳኳው የሙስሊሟ ጎረቤቴ ልጅ ብቻ ነበረች። እሷም አቦምሳ ልትዳር ሲሆን ቀሚሷን እንድጠልፍላት ለመነችኝ።

በአገሬ ደረትና ጀርባ ላይ መስቀል የሚጠለፈው ከክፉ ዓይን እንዲጠብቅ ነው። ለእሷ በመስቀሉ ፋንታ የአባቷን ማሳ ገብስ ከነዛላው ደረቷ ላይ ጠለፍኩ።

«ጀርባውን ተይው፤ ያለ መስቀል ምን ሊጠብቅ!» አለችኝ አንዲት የአገሬ ሴት።

«የእኛ ጀርባ ሲጠበቅ የእሷ ለምን ባዶ ይሆናል? ሰው አገር የምትሄደው እሷ አይደለችም?» ብዬ ጀርባውንም ጠለፍኩ።

ልጅቷ ለብሳው ዞር ዞር አለች።

«እትዬ፣ እኔ ስሄድ እርስዎንስ ማን ይጠብቅዎታል?» ብላ ሳቀች።

አብሬያት እየሳቅኩ ከጀርባዋ የተረፈውን ክር በጥርሴ ቆረጥኩላት።