ሥጋ የማይቆርጠው ቢላዋ

ሰሞኑን ዝናቡ ቤቱን ሁሉ አርጥቦታል። ጎረቤታችን ጎመን ልትከትፍ ቢላዋ ልትዋስ ገባችና ከምሰሶው ላይ አሮጌውን አወረደችው። «እትዬ በለጡ፣ ይኼ እኮ ዛገ። ሰም ቢቀቡትስ?» አለችኝ።

«እዚህ ቤት ቢላዋ ሰም አይቀባም» አልኳት። ደነገጠች። ምን ታድርግ፣ አታውቅም።

ልጅ ሳለሁ የንጉሡ ከተማ እንጦጦ ላይ ነበር። ላይ ድንኳንና ጎጆው ተፋፍጎ፣ ጥዱና ወይራው ለማገዶ እያለቀ፣ እኛ ከሥር ቀበና ወንዝ አጠገብ እንኖር ነበር። ታላቅ ወንድሜ ወርቁ ከነጋዴዎች ጋር እንደወረደ ወሬው ጠፍቷል። እናቴ በሩን ሳታይ አትውልም።

እህቴን አስካለን ያጨው ተሰማም ነጋዴ ነው። ቁመናው ያማረ፣ አንደበቱ ለስላሳ። እኔ ለስላሳ አንደበት አልወድም። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ለቅበላ መጣና ጥሬ ሥጋ ቀረበለት። ወንድ ልጅ ቁርጥ የሚበላው በገዛ ቢላዋው ነው፤ እሱ ግን ቀንድ እጀታ ያለው ቢላዋ ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ የእናቴን ተዋሰ።

«የእርስዎስ?» አልኩት።

«ለዝገት ብዬ ሰም ቀብቼዋለሁ፤ ሥጋውን ያበላሻል።» መዘዝ አድርጎ አሳየን። ስለቱ በሰምና በጥላሸት ጠቁሯል።

«ክረምቱ ካለፈ ስንት ጊዜው! ታዲያ የያዙት ሰሙን ሊያሳዩን ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ከቢላዋ ይብሳል!» ብሎ ሳቀ። አስካለ በክርኗ ጎሸመችኝ።

እኔ አልሳቅኩም። የጫፉ መጉበጥ የወርቁን ቢላዋ መሰለኝ። የወርቁ እጀታ እንጨት ነበር፤ እጀታ ግን ይለወጣል። ወርቁ ስለቱ ሥር በምስማር የወፍ እግር ጭሮበት ነበር። ያ ምልክት ከሰሙ ሥር ከተገኘ፣ እህቴ የወንድማችንን ገዳይ ልታገባ ነው።

እኛ ቤት አድሮ በማግስቱ ተሰማ እንጦጦ ማርያም ሊያስቀድስ ወጣ። ስለት ታጥቆ ቤተ ክርስቲያን አይገባምና ቢላዋው ምሰሶው ላይ ቀረ። እሳት ላይ ብይዘው ቀንዱ ይሸታል፤ የተቃጠለ ቀንድ ሽታ ደግሞ ቤት ቶሎ አይለቅም። ፍል ውሃ ውስጥ ብነክረው እጀታውን የያዘው ሙጫ ይላቀቃል። ምንም ባላገኝ መነካቱ መታወቅ የለበትም፤ ሰም መልሶ መቀባት አያቅተኝም፣ የተበላሸ ቀንድ ግን በምን እመልሳለሁ? ስለዚህ እጀታውን በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩና ጫፉን ቁልቁል ይዤ ፍል ውሃውን ስለቱ ላይ ብቻ ቀስ እያልኩ አፈሰስኩ። ሰሙ እየቀለጠ ወረደ። የቀረውን በአመድ ፈተግኩት። የወፍ እግሩ ወጣ። ፍል ውሃው እጄን እያቃጠለኝ በረደኝ።

ሲመለስ እናቴ ፊት ሰጠሁት፤ እጀታው ደኅና፣ ስለቱ ራቁት።

«ይኼን ከየት አመጡት?»

ምልክቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ወርቁ ነው የሰጠኝ። መንኩሷል። ‹እናቴ ሰምታ መጥታ እንዳታስወጣኝ› ብሎ አስምሎኛል፤ ምልክቱን የሸፈንኩት ለዚያ ነው።»

«የት ገዳም?»

«ምያለሁ አልኩሽ!»

እናቴ መሬት ስማ «ልጄ አለ!» አለች። እኔ ግን «ካለ ቃሉን ያምጡልን» አልኩ። ተሰማ አስካለን አያት፤ እሷ አቀርቅራለች። ቢላዋውን መደቡ ላይ አኖረና «ይኼ መያዣ ይሁናችሁ። ከፋሲካ በፊት የእሱን ቃል ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ።

አልመጣም። ሸሽቶ ይሁን፣ መንገድ በልቶት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወርቁም አልመጣም። እናቴ በሩን እያየች ሞተች። አስካለ ሌላ ባል እምቢ አለች፤ ይኸው ሁለታችንም አርጅተን አንድ ጣሪያ ሥር ነን። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም፤ ዝምታዋንም ቢሆን አላምነውም። በየክረምቱ ቀንዱን በቅቤ ታሻሸዋለች፣ ስለቱን ግን አትነካውም። ስለቱን የምፈትገው እኔ ነኝ፤ የወፍ እግሩ እንዳይፋቅ ዙሪያውን ብቻ።

ጎረቤታችን ቢላዋውን ሰቅላ ስትወጣ አስካለ ከመደቧ ቀና አለች።

«ቀንዱ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው» አልኳት።